ዶሮዬ ጭራዋን ጥላ ከቆመች አራት ቀኗ፤ እንቁላል ተቀርቅሮባት ይሆን?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ኮተቤ ግቢዬ ውስጥ ዘጠኝ ዶሮ አለኝ፦ ስድስት ቦቫንስ ብራውን፣ ሁለት ኩኩክ (ገብስማዎቹ) እና አንዲት የሐበሻ። ቦቫንሶቹን የ45 ቀን ሆነው ነው የገዛኋቸው፤ አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። ከነሱ አንዷ፣ ልጆቹ ሻሼ የሚሏት፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ሁኔታዋ አላማረኝም። ጭራዋን ቁልቁል ጥላ፣ ሆዷን ለቅቃ፣ ሱሪው ሊወርድበት እንደደረሰ ሰው እግሯን ከፍታ ነው የምትራመደው። ጥሬ ስበትን ሌሎቹ ይሻማሉ፣ እሷ ጥግ ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ገርጥቷል።

እንቁላል ከጣለች ዐሥር ቀን ይሆናታል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቅርፊት የሌለው፣ ሲነኩት የሚለመጥ እንቁላል ቆጡ ሥር አግኝቻለሁ። እኔ እንቁላል ተቀርቅሮባት ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ሦስት ቀን ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ሃያ ሃያ ደቂቃ አስቀመጥኳት። ውሃውን ወዳዋለች፣ እንቅልፍ ሁሉ ይወስዳታል፤ የወጣ ነገር ግን የለም። እንዴት ላስወጣው? ሐኪም ጋ ልውሰዳት ብል የባጃጁ ብቻ ከሷ ዋጋ አይተናነስም። ወይስ ከመሞቷ በፊት ትታረድ?

ማስተካከያ፦ ክሩ ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ የተመለሰውን ጥያቄ መልሶ ስለሚጠይቅ፣ ምላሾቹን በቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እዚሁ ሥር አስቀምጫለሁ። የዘለልኩት ቁጥር ካለ አውራ ጣት ብቻ የተላከበት ነው።

ምላሽ 1። መጀመሪያ የደረሰልኝ ከአዳማ የሚጽፍ፣ አነጋገሩ የትልቅ ሰው የሆነ አባል ነው። ይማርልሽ ካለኝ በኋላ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ደረደረልኝ፦ ምን ትበላለች፣ ኩሷ ምን ይመስላል፣ ማታ መብራት ይበራላቸዋል ወይ፣ ሌሎቹስ እየጣሉ ነው ወይ። እኔ የፈለግሁት መድኃኒት ስለነበር ብዛቱ አሰለቸኝና አልመለስኩለትም። የኋላ ኋላ ግን አንድም ሳይቀር ሁሉም ጥያቄ ተራውን ጠብቆ መጣ።

ምላሽ 2። ይህኛው ጥርጣሬ የሚባል አያውቅም፤ ልትታቀፍ ፈልጋ ነው አለና ዘጋው። መፍትሔውም እግሯን አስሮ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ ካልሆነም ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ማሳለፍ ነው፤ እናቱ እንደዚያ ታደርግ እንደነበር፣ ዶሮዋም በሳምንቱ እንቁላል እንደምትጀምር መሰከረ።

ምላሽ 3። ከደንበጫ የጻፈች እህት ሳታስቀይም አረመችው። የታቀፈች ዶሮ ጎጆዋ ላይ ተለጥፋ ትውላለች፣ ሲጠጓት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፣ እጅ ከዘረጉባትም ትነክሳለች። ያመማት ግን ጎጆ አትመርጥም፤ ያገኘችው ጥግ ትቆማለች፣ ሲይዟትም አትሸሽም። ቦቫንስ ደግሞ መታቀፍን እንድትረሳ ተደርጋ የተዳቀለች ዘር ናት፤ ለመታቀፍ የምትጠረጠር ካለች የሐበሻዋ ናት አለች። ማንጠልጠሉንም ለታመመች ዶሮ ግፍ ነው ብላ አለፈችው። ምላሽ 2 ይህን ካነበበ በኋላ ለብዙ ሰዓት ጠፋ።

ምላሽ 4። የቢሾፍቱዋ የእንስሳት ሐኪም። ከዚህ በኋላ ክሩን የተሸከመችው እሷ ናት። በደንበኛ ሰላምታ ጀምራ የኔን እምነት በአንድ ስሌት አፈረሰችው። አስኳሉ ከዘለላው (አስኳሎቹ ተንጠልጥለው ከሚያድጉበት) ተላቅቆ፣ በእንቁላል መንገዱ አልፎ፣ እንቁላል ሆኖ እስኪጣል ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። ከመንገዱ አፍ ላይ የሚቆየው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ነጩን ሲለብስ ሦስት ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ ለስሱ ሽፋን አንድ ሰዓት ገደማ፣ የቀረው 20 ሰዓት ያህል ቅርፊት ሲሠራ ያልቃል። እንቁላል የተቀረቀረባት ዶሮ ደግሞ የምትሰጠው ፋታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን አያልፍም። ታምጣለች፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ እንቁላሉ ነርቭ ከተጫነ እግሯ ይሰንፋል፤ ካልወጣላት ትሞታለች። ዐሥር ቀን ያልጣለች፣ አራት ቀን ተኮፍሳ የቆየች፣ ውሃ ውስጥ የምታንቀላፋ ዶሮ ከዚህ ጋር አትገጥምም።

ዶሮ የሚሠራላት የግራው ወገን ብቻ መሆኑንም እዚህ ነው ያወቅሁት። የቀኙ የእንቁላል ዘለላና መንገድ ገና ከጫጩትነቷ ሳያድግ ይቀራል። ስለዚህ ያ አንዱ መንገድ ከታመመ መተኪያ የለውም።

ቀጥላ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ጓንት አድርጌ፣ ትንሿን ጣቴን ዘይት ነክሬ በመውጫዋ በኩል ቀስ ብዬ እንድዳስስ፤ ያለቀለት እንቁላል ካለ ጥቂት ገባ ብሎ እንደ ጠጠር ጠንክሮ ይነካል። ከሌለ ደግሞ ከደረቷ አጥንት ጫፍ በታች ያለውን ሆዷን በመዳፌ እንድይዝ፤ ከዚያ ከጤነኛዋ ጋር እንዳስተያይ። እንቁላል ቢገኝም ሰብሬ ላውጣ እንዳልል አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ፤ የተሰበረ ቅርፊት ውስጡን ይቆርጣል። ጨለም ያለና ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ካልሲየም፤ በዚህ ካልተፈታ የሐኪም መርፌ ነው፤ መርፌውም ቢሆን እንቁላሉ ከመንገዱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ መንገዱን ሊቀድ ይችላልና ሳይዳሰስ አይወጋም።

በመጨረሻ ስለ ሳፋው ጠየቀችኝ። የልጆቹ ልብስ የሚታጠብበት ነው ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ምላሽ 5 እና 6። ሁለት ተረበኞች። አንዱ ለሻሼ ገንፎ ይገንፋ ሲል፣ ሌላው አራሷን የምንጠይቀው መቼ ነው አለ። ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

ምላሽ 7። ፌጦ ተወቅጦ በሎሚ ተለውሶ፣ በላዩ አንድ የጠርሙስ ክዳን አረቄ በጉሮሮዋ ማንቆርቆር። ይህንን ምላሽ ከጀርባዬ ሆና ያነበበችው አማቴ ገና ሳልጨርስ ወደ ጓዳ ተነሥታ ነበር።

ምላሽ 8። ከድሬዳዋ የመጣ፣ የመጀመሪያው ኮምጣጣ ምላሽ። የወፍ የመተንፈሻ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ነው፤ በግድ የሚንቆረቆር ፈሳሽ ወደ ሳምባ ይገባል፤ በእንቁላል ሳይሆን በአረቄ የገደላችኋቸውን ቁጠሩ አለ። ምላሽ 7 የኔ ዶሮዎች በሕይወት አሉ ብሎ መለሰ። የድሬዳዋው የሞቱት አይናገሩም ብሎ ጨመረበት። አማቴን ግን ያስቀመጣት የሁለቱ ጭቅጭቅ አይደለም፤ አረቄው አልቆ ነው።

ምላሽ 9። የሐዋሳው ልጅ ከርዕሱ ወጣ ብሎ የራሱን ጣጣ ተረከ፤ ግን ጥሩ አድርጎ ስለነበር ማንም አላቋረጠውም። ሸለምጥማጥ ስላስቸገረው ሃያ ቄቦቹ ካሉበት ቤት ውስጥ አምፖል ሰቅሎ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ቄቦቹ ገና አራት ወር ሳይሞላቸው እንቁላል ጀመሩ። እሱም ጎረቤቱም ደስ አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ላይ ሎሚ የሚያህል ቀይ እርጥብ ነገር ከመውጫዋ ወጥቶ ያያል። ወደ ቤት ገብቶ ጓንት ፈልጎ እስኪመለስ ሌሎቹ ተሰብስበው እየነቀሉ ሲበሏት ደረሰ። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት አጣ። በሽታ መስሎት የቀሩትን ሊያርድ ነበር።

ምላሽ 10። ሐኪሟ ወደ 9 ተመልሳ ነገሩን አፍታታችው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቄብ በዚህ ብርሃን በራሷ ጊዜ ትደርሳለች። ብርሃኑን ሰው ሲያስረዝመው ግን አካሏ ሳይሰፋ እንቁላሉ ይቀድማል፤ መንገዱ ተገልብጦ የሚወጣው ያኔ ነው። የምትጥል ዶሮ ቢሆን 14፣ ቢበዛ 16 ሰዓት ብርሃን ይበቃታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ለማንም አይበጅም። ለሸለምጥማጥ መድኃኒቱ ወንፊት ሽቦና የሚዘጋ በር ነው። ማህፀኗ ወጣ የምንላትን ዶሮ ወዲያው ለብቻዋ ማድረግ ይቀድማል፤ ሌሎቹ ቀይ ነገር ካዩ አይምሯትም። ከዚያ ጨው ጣል ባለበት ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ እብጠቱን ስኳር ወይም ማር ቀብቶ ማሳረፍ፣ በዘይት ጣት ቀስ ብሎ መመለስ፣ ለጥቂት ቀን ጨለም ያለ ቦታ ማቆየት። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፤ ሦስተኛ ጊዜ ከወጣ ዶሮዋን ማሰቃየት ነው አለች።

ምላሽ 11። ይህ የኔ ነው። ዳሰስኩ። እንቁላል የለም። ሆዷ ግን ከገብስማዋ ጋር ሳስተያየው ያበጠ ነው፤ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ እንደ ሊጥ ጥፍጥፍ ያለ ጠጣር ነገር እጅ ላይ ይመጣል። ይህን ስጽፍ ትልቋ ልጄ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቆጡ ሥር የጎማ ዓይነት፣ ቢጫ የሆነ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነገር አግኝታ፣ የተበላሸ እንቁላል መስሏት አጥሩ ጥግ ወርውራዋለች። ሄደን ፈለግነው፤ ደርቆ አገኘነው። በቢላ ስሰነጥቀው እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው፤ ሽታውን ተዉት። ፎቶውን ለጠፍኩ።

ምላሽ 12። ሐኪሟ ፎቶውን አይታ ይህ እንቁላል ሆኖ አያውቅም አለች፤ መግል ነው። የወፍ መግል እንደ ሰው አይፈስም፤ የሚያቀልጠው ነገር በነጭ ደም ሴሎቻቸው ውስጥ ስለሌለ እንደ አይብ ይረጋል። የረጋው በእንቁላል መንገድ ሲያልፍ መንገዱ እንደ ልማዱ ነጭና ሽፋን ይደርብለታል፤ ንብርብሩ ከዚያ ነው። የመንገዱ መመረዝ ዋና ተጠርጣሪ ኢ. ኮላይ የሚባለው በኩስ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከመውጫዋ ሽቅብ ይወጣል፣ ወይም ከመተንፈሻ ሕመም ተነሥቶ በአየር ከረጢቷ በኩል ይደርሳል። ማይኮፕላዝማና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም አሉበት። ውሃው ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው፦ መንገዱ ሲታመም አስኳሉን መቀበል ያቅተውና ሆድ ዕቃ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ሁለት ንጹሕ አስኳል ሰውነቷ መልሶ ይመጠዋል፤ ባክቴሪያ ካገኘው ግን ሆዷን ሁሉ ያቃጥለዋል። ሻሼ እንደ ጤነኛ ስትሯሯጥ በነበረባቸው ቀናት ነገሩ ተጀምሮ እንደነበርም ነገረችኝ፤ ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች።

ሁለቱን ልል እንቁላሎችም እንዳልረሳ አሳሰበችኝና የአዳማውን የመኖ ጥያቄ እኔው ላይ መለሰችው። የእንቁላል ጣይ መኖ ስለተወደደብኝ ግማሹን ፍሩሽካና የተረፈ እንጀራ እደባልቃለሁ። በአንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ የጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ይይዛል፤ ግማሹን በፍሩሽካ ስለውጠው ዶሮዋ የጎደለውን ማታ ማታ ከአጥንቷ ትበደራለች። ሻሼን ያሳመማት ይህ ነው አላለችም። እኔ ግን ያን ቀን ከረጢቱን ሳልደባልቅ ከፈትኩት።

ምላሽ 13። ምላሽ 1 ተመልሶ ስለ ኩሷ አሁንም አልተመለሰልኝም አለ። ይቅርታ ጠይቄ ነጭና ውሃ የበዛበት መሆኑን ነገርኩት። አመሰገነ።

ምላሽ 14። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የከረረው። ሦስት መቶ ጣይ ዶሮ አለኝ ያለ ሰው፣ ይህ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ አለ። እሱ ከሰው መድኃኒት ቤት የቴትራሳይክሊን እንክብል ይገዛል፣ ከፍቶ የመጠጥ ውሃቸው ውስጥ ይበትናል፤ ባቀረቀሩ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋል፤ እንቁላሉን መሸጡንም ለአንድ ቀን አያቋርጥም።

ምላሽ 15። የመድኃኒት ባለሙያ የሆነች አባል ያለ ሰላምታ ገባች። ያ መድኃኒት በእንቁላሉ ውስጥ አልፎ የሰው ልጅ ገበታ ላይ ይቀርባል፤ ለዶሮ የተዘጋጀውም ቢሆን ከተሰጠ በኋላ እንቁላሉ የማይበላበት ቀን መለያው ላይ ተጽፎ ነው የሚሸጠው። በግምት የተበተነ እንክብል ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል አለች።

ምላሽ 16። 14 በስድብ አፋፍ ላይ ሆኖ መለሰ። ፍሬ ነገሩ የመኖ ዕዳውን የምትከፍልልኝ አንቺ ነሽ ወይ ነው። አንጀቱ ያረረ ሰው ነው፤ ትክክል ባይሆንም ድምፁ ገባኝ።

ምላሽ 17። ከቨርጂንያ የሚጽፍ ወንድም፣ አሜሪካ ውስጥ ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባለውን መድኃኒት ለዶሮ መስጠት በ2005 እ.ኤ.አ. መከልከሉን አነሣ። ምክንያቱ ከዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፈው ካምፒሎባክተር የሚባል ጀርም መድኃኒቱን እየተላመደ መሄዱ ነበር።

ምላሽ 18። 14፦ እዚህ ቨርጂንያ አይደለም። ይህን ብቻ።

ምላሽ 19። ሐኪሟ ሁለቱንም ወገን ዝም ያሰኘ ጥያቄ ጠየቀች። ያቀረቀሩት ዶሮዎች ኩሳቸው አረንጓዴ ነበር ወይ፣ አንገታቸው ይጠመዘዝ ነበር ወይ፣ እንቁላላቸው በአንድ ጊዜ ቀንሶ ቅርፊቱ ሳስቶ ነበር ወይ? ከሆነ ፈንግል ነው፤ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ እንክብል አይሰማም። የሚሰማው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። የሻሼ ዓይነቱ ደግሞ ባክቴሪያ ቢሆንም እንደ አይብ የረጋው መግል ውስጥ መድኃኒት አይዘልቅም፤ ገና ሲጀምር ታውቆ፣ ናሙና ተወስዶ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። 14 መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 20። ከለንደን ዳርቻ የጻፈች አባል አየሩን ቀየረችው። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሦስት ዶሮዎች አሳዳጊ ናት። አንዷ ልክ እንደ ሻሼ ሆዷ ውሃ ሲቋጥር ሐኪሙ በመርፌ ቀዳላት፤ ከዚያ ዴስሎሬሊን የሚባል፣ ሩዝ የምታህል የሆርሞን ዘንግ ከቆዳዋ ሥር ቀበረላት። ዘንጉ እንቁላል መጣልን ለወራት ያቆማል፤ መንገዱ ያርፋል። ኃይሉ ሲያልቅ ይደገማል። ዶሮዋ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ፀሐይ መሞቅ ሆነ።

ምላሽ 21 እስከ 23። ያልሳቀ የለም። አንዱ የዘንጉን ዋጋ ጠይቆ ወደ ብር ሲመነዝረው ስንት በግ እንደሚገዛ አሰላ። ሌላዋ ግን ስድብ በሌለበት ቃል፣ ሰው ለወደደው እንስሳ ያወጣውን አንቁጠርበት አለች። የለንደኗ አልተቀየመችም፤ እናቷ በስልክ ስለ ዘንጉ ሰምታ መስቀል እንዳማተበች ነግራን ወጣች።

ምላሽ 24። ከደብረ ብርሃን፣ የሐበሻ ዶሮ ጠበቃ። የኛዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፣ በመሃል ትታቀፋለች፣ ታርፋለች፤ ቦቫንስ ከ300 በላይ ትጥላለች። የጫካዋ እናታቸው (የቤት ዶሮ ሁሉ የተገኘባት የዱር ዶሮ) በዓመት የምትጥለው ደግሞ ከአንድ እቅፍ ብዙም አያልፍም። በየቀኑ የሚሠራ መንገድ ቢታመም ምን ይገርማል ነው ነገሩ። አልፎ ተርፎም የዶሮ የእንቁላል ዘለላ ካንሰር ብዙ መሆኑን፣ የሰውን ሕመም የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ያረጁ ጣይ ዶሮዎችን የሚመረምሩትም ለዚህ እንደሆነ ጨመረ። ሐኪሟ ይህን አጸደቀች፤ ከሁለት ዓመት በላይ የሆናት ዶሮ ሆዷ ካበጠ ካንሰርም አይረሳም አለች።

ምላሽ 25። በሐበሻ ዶሮ ልጅ አናስተምርም። (ይህም የ14 ነው። ተመልሷል።)

ምላሽ 26። ጾሙ ሲገባ የእንቁላል ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ተነሥቶ ክሩ ለግማሽ ቀን ወደ ገበያ ሄደ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። አንድ አባል በሁዳዴ 55 ቀን መኖ ይቀንስና ፋሲካ ሲቃረብ ድንገት ይጨምራል፤ በየዓመቱ ትንሣኤ ሰሞን ልልና ሁለት አስኳል እንቁላል እንደሚበዛበት ሲናገር፣ ራሱ ጽፎ ራሱ ነቃበት።

ምላሽ 27። ይኸኛው ባይጻፍ ኖሮ አንድ ሰው ጉድ ይሆን ነበር። ጀማሪ አባል፣ ስለ ካልሲየሙ አንብቦ ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ መኖ ላይ ሊነሰንስ እንደሆነ ጻፈ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ሰው ጮኸበት። የተቃጠለ ኖራ አፍና አንጀት ያቆስላል። የሚፈለገው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ መኖ አቀነባባሪዎች ጋ ይሸጣል። ካልሆነም የራሱ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ ጎርበጥ ተደርጎ ተወቅጦ ለብቻው ሳህን ይቀርባል፤ የሚያስፈልጋት ራሷ ትለቅማለች።

ምላሽ 28። ሻሼ ሳትሞት ትታረድ፣ ቅመም ሲገባበት ምንም አይልም የሚል ሐሳብ መጣ። ሐኪሟ እዚህ ላይ ጨዋነቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጠች። ሆድ ዕቃዋ የመረቀዘ ዶሮ ለወጥ አትሆንም፤ የሚበላው ሰው ቢተርፍ እንኳ የሚበልታት እጅ፣ ቢላውና መክተፊያው ኩሽናውን ሁሉ ይበክላል። ማረድ ከሥቃይ ለመገላገል ከሆነ ደግሞ ዛሬ ይሁን፣ እሑድን አይጠብቅ።

ምላሽ 29። በዚሁ ተነሥቶ አንድ አባል ዶሮዎቹ በፈንግል ማለቅ ሲጀምሩ የቀሩትን ገበያ አውጥቶ እንደሸጠ ተናዘዘ። ያልሰደበው የለም፤ የአንዲቱ መንደር ዶሮ ሁሉ በሱ ቅርጫት ምክንያት እንዳለቀ ያህል ወረዱበት። ያልጠበቅሁት ሰው ተከላከለለት፦ 14። ሁላችንም ያደረግነውን እሱ ብቻ ስለተናገረ አትውገሩት አለ። አወያዩ ሁለት ምላሽ ሰርዞ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ።

ምላሽ 30። ድምፃቸው እስካሁን ያልተሰማ እናት፣ በልጃቸው ስልክ። አርባ ዓመት ሙሉ ዶሮ በ12 ብልት ሲበልቱ ኖረዋል። ሴት ዶሮ ሲከፍቱ ዘለላውን ያዩታል፦ ትልቁ ነገ የሚጣለው፣ ቀጥሎ ከነገ ወዲያ፣ እያለ እስከ ጤፍ ፍሬ ይወርዳል። ጤነኛው እንደ ወርቅ ያበራል፣ ክብ ነው። ጠውልጎ፣ ጠቁሮ፣ ቅርጹ ተጨማድዶ ካገኙት፣ ሆዱ ውስጥም ቢጫ ውሃ ካለ፣ እሳቸው ሳይናገሩ ዶሮዋን ወስደው ይቀብሯታል፤ ሰው ቢጠይቅ ድመት ወሰደው ይላሉ። ይህን ያስተማራቸው እንደሌለ ነገሩን። ሐኪሟ እማማ ብላ መልሳ፣ ተማሪዎቼ ይህን ሲያውቁ አራተኛ ዓመት ደርሰዋል አለቻቸው።

ምላሽ 31። የኔ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባለቤቴ በስመ አብ ብሎ አረዳት። ልጆቹን አክስታቸው ጋ ልኬ ነበር። ለማወቅ ብዬ፣ ጓንት አድርጌ፣ ግቢ ውስጥ ካርቶን ላይ ከፈትኳት። እናትዬው እንዳሉት ነው፤ ዘለላው ጠውልጓል፣ ሁለት ሦስቱ አረንጓዴ ቢጤ ሆነዋል። ሆዷ ውስጥ ደመናማ ቢጫ ውሃ ነበር። የእንቁላሉ መንገድ የኔን ሁለት አውራ ጣት ያህል ወፍሮ፣ ውስጡ እንደ አይብ የረጋ ነገር ታጭቆበታል፤ ትልቁ ጉብታ የቡና ስኒ ያህላል። ቅርፊት ያለው እንቁላል የትም የለም። እኔ ሦስት ሌሊት ውሃ ያሞቅሁት ለሌለ እንቁላል ነው። ውሻ እንዳይቆፍራት ጠልቄ ቀበርኳት፤ በላይዋ ለግድግዳው የተረፈንን ኖራ አፈሰስኩ። ሳፋውን ጣልኩት።

ምላሽ 32። ሐኪሟ ስለ ሻሼ አንድ ቃል ብቻ ብላ ወደ ስምንቱ ተሻገረች። ከመካከላቸው ያነጠሰች፣ አፍንጫዋ የረጠበ አለች ወይ? ቅርፊቱ የተጨማደደ፣ ነጩ እንደ ውሃ የቀጠነ እንቁላል አይቻለሁ ወይ? እንዲህ ከሆነ ከአንድ ዶሮ በላይ የሆነ የመተንፈሻ በሽታ ይጠረጠራል፤ አንደኛው፣ ብሮንካይተስ የሚባለው፣ ጫጩትን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከያዛት የእንቁላል መንገዷን ለዘለዓለም ያበላሸዋል፤ አድጋ ጎጆ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ እንቁላል ግን አይወጣትም። ሻሼ ግን ከዓመት በላይ ስለጣለች ከነዚያ አይደለችም። ለሁሉም፣ ማን ጣለች፣ ምን ዓይነት ጣለች የሚለውን በወረቀት እንድይዝ፣ ጎጆውን ጭድ ቀይሬ እንዳደርቅ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉንም ይዤ ሆዳቸውን እንድዳስስ አዘዘችኝ።

ምላሽ 33። ምላሽ 2 ተመልሶ መጣ። ስለ ማንጠልጠሉ ይቅርታ የሚመስል ነገር ብሎ፣ የሐበሻዋ ከታቀፈች ሥሯ የሚደረግ እንቁላል እሱ እንደሚልክልኝ ቃል ገባ። አውራ ዶሮ ስላለው የሱ እንቁላል ጫጩት ይሆናል።

ምላሽ 34። የኔ፣ ዛሬ ማለዳ። ወረቀቱ ኩሽና በር ላይ ተለጥፏል፤ ትልቋ ልጄ ናት የምትሞላው። ስምንቱንም ዳሰስኩ። ሰባቱ ልል ናቸው። አንዲት ቦቫንስ፣ ስም እንኳ የሌላት፣ ሆዷ ጠንከር ያለ መሰለኝ፤ ምናልባት ቀኑን የሚጣለው እንቁላል ነው። እስከ ቀትር ካልጣለች እመለሳለሁ።